ግድግዳ ላይ የተቀባው አጭር አድራሻ

እስከ ዛሬ መልስ ያላገኘሁለት ጥያቄ አለ። ለምን ዝም አልኩ? መብራት በሄደ ቁጥር አንዲት አሮጌ ላፕቶፕ የማስነሳው እኔ ብቻ መሆኔን፣ እሷን ጥዬ መሄድ እንዳቃተኝ፣ መድከሜን፣ ይህን ለአንድ ሰው መናገር ምን ያህል ይከብድ ነበር?

ጭሮ ውስጥ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት እኩዮቼ ልጅ በሚያሳድጉበት ዕድሜ ነው፤ ቀን እየሠራሁ፣ ማታ እየተማርኩ። ዘግይቶ የተማረ ሰው አንድ አመል ያለው ይመስለኛል። «አልቻልኩም» የምትለው ቃል ከአፉ አትወጣም፤ ከወጣች ያገኘውን ሁሉ መልሰው የሚወስዱበት ይመስለዋል።

ነገሩ የጀመረው ከሰሌዳ ነው። የመማሪያ መጻሕፍት ስለማይበቁ መምህራኑ ስካን አድርገው ኢንተርኔት ላይ ያስቀምጧቸዋል። እኔ ደግሞ ሊንኩን ከቤተ መጻሕፍቱ በር አጠገብ ባለው ሰሌዳ ላይ በጠመኔ እጽፋለሁ። ሊንኩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄዶ ቦታ ያጥረውና ወደ ታች ይታጠፋል። ተማሪው ወደ ስልኩ ሲገለብጥ አንዲት ምልክት ታመልጠዋለች፤ ከዚያ «እትዬ፣ እምቢ አለ» ብሎ ይመጣል። «እምቢ አለ» ስሰማ ውዬ «እምቢ አለ» እያልኩ ቤቴ እገባለሁ።

ሊንክ በነጻ የሚያሳጥር ድረ ገጽ ሞከርኩ። ለጥቂት ጊዜ ደኅና ነበር፤ በኋላ መጽሐፉ ሳይከፈት የውርርድ ማስታወቂያ ማሳየት ጀመረ። አንድ አባት የልጃቸውን ስልክ ይዘው መጡና፣ «ይሄ ቤተ መጻሕፍት ነው የቁማር ቤት?» አሉኝ።

የራሴን የሊንክ ማሳጠሪያ ለመትከል የተነሳሁት ያን ጊዜ ነው። ፕሮግራሙ ትንሽ ነው። አንዲት አጭር ቃል ይቀበላል፣ ከጎኗ የተመዘገበውን ረጅም አድራሻ ይፈልጋል፣ ሰውየውን ወደዚያ ይሸኛል፤ ሌላ ሥራ የለውም። ቢሮ ውስጥ ስክሪኑ ተሰንጥቆ የተጣለ ላፕቶፕ አገኘሁ፤ የቢሮው ኢንተርኔት መስመር ከውጭ የሚገኝበት ቋሚ ቁጥር ስለነበረው ከዚያ ጋር አገናኝቼ ጠረጴዛዬ ሥር አኖርኩት። አጭር የድረ ገጽ ስም አስመዘገብኩ። እያንዳንዱን ትእዛዝ ጮክ ብዬ ካላነበብኩ አልጫንም ነበርና ሥራው ብዙ ሰነበተ። መጀመሪያ የሞከረችው ተማሪ አጭሯን ቃል ጽፋ መጽሐፉ ሲከፈትላት ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም፤ ወንበር ስባ ማንበብ ጀመረች። ከምስጋና ይልቅ ያ ደስ አለኝ።

ላፕቶፗ ግን ባትሪዋ ሞቷል። መብራት ሲሄድ ትጠፋለች፤ ሲመጣ በራሷ አትነሳም፣ አንድ ሰው መጥቶ ቁልፏን መጫን አለበት። ጭሮ ደግሞ መብራት መሄድ ብርቅ አይደለም። ዕረፍት ቀንም ቢሆን ቤቴ አምፖሉ ቦግ ሲል የያዝኩትን አስቀምጬ ባጃጅ እጠራለሁ።

ይህንንም እችለው ነበር፣ ግድግዳው ባይመጣ። የእኛ አገር ትምህርት ቤቶች ግድግዳቸው ባዶውን አይቀመጥም፤ የሰው ልብ፣ ካርታ፣ የንጥረ ነገሮች ሰንጠረዥ ይሣልበታል። ከቦርደዴ ከተማ እስከ ሂርና ያሉትን የትምህርት ቤት ግድግዳዎች ብዙውን ጊዜ የሚሥሉት አንድ የጭሮ ሰው ናቸው፤ በዕድሜ የገፉ፣ ቀልድ የሚወዱ። አንድ ቀን ለለቅሶ ሂርና ስሄድ በሚኒባሱ መስኮት የአንድ ትምህርት ቤት ግድግዳ አየሁ። ለካ ሌሎች ትምህርት ቤቶችም ይጠቀሙበት ኖሯል፤ ከልቡ ሥዕል ጎን የእኔ አድራሻ በር በሚያክል ፊደል ተጽፏል። እንደማይለወጥ ቀመር፣ በዘይት ቀለም። ሌላ ሰው ቢሆን ይኮራ ይሆናል። እኔ ጠረጴዛ ሥር ያለችውን ላፕቶፕ አሰብኳት። ጠመኔ ይጠፋል፤ ይሄ አይጠፋም።

በዚያው ዓመት ለሁለተኛ ዲግሪ ሌላ ከተማ ካለ ዩኒቨርሲቲ ተቀባይነት አግኝቼ ነበር። «ለሚቀጥለው ይሁንልኝ» ብዬ አስተላለፍኩት። ዳይሬክተሩ ለምን እንደቀረሁ ሲጠይቀኝ «ሥራ በዛብኝ» አልኩት። በሚቀጥለው ዓመት ዩኒቨርሲቲው ዘንድሮ ካልመጣሽ ቦታሽ ይሰረዛል አለኝ። ያኔም ለማንም አልተነፈስኩም።

ከዚያ አንድ ረፋድ መብራት መጥቶ ከጠረጴዛው ሥር ጎንበስ እንዳልኩ፣ እኚያ ሠዓሊ መሰላላቸውን ተሸክመው በሩ ላይ ቆሙ።

«አሰላሙ ዐለይኩም። ኢንታሎ፣ ልጄ፣ ምን ጠፋብሽ እዚያ ሥር?»

«ወዐለይኩም ሰላም፣ አባባ። ምንም አልጠፋብኝም።»

«ቦርደዴዎች አዲሱ ክፍል ላይ ያንን አድራሻ ቅባልን ብለዋል። ያው ነው አይደል? እንዳልሳሳት ብዬ ነው።»

«አባባ፣ አይቀቡት።»

«ምነው? እጅ ጽሑፌ ከፋ?»

ተነስቼ «እጅ ጽሑፍዎ ያምራል» ልል ነበር። አፌ ሌላ ተናገረ። «አድራሻው ያለው እዚህ ነው። እዚህ ጠረጴዛ ሥር። መብራት በሄደ ቁጥር ይሞታል፤ የማስነሳው እኔ ነኝ፣ ሌላ ሰው የለም። ትምህርት ልሄድ ነበር፤ ይህን ጥዬ መሄድ አቃተኝ። ደክሞኛል፣ አባባ።»

መሰላሉን አውርደው ጎንበስ ብለው አዩ።

«ይቺ? እኔ እኮ አዲስ አበባ ፎቅ ላይ ያለ ነገር መስሎኝ!» ሳቁ። «ታዲያ በየግድግዳው ስቀባ የከረምኩት አንቺን ነዋ።»

እኔ አልሳቅኩም። እሳቸውም ተዉት።

«ትምህርቱ መቼ ነው?»

«በዚህ ወር ካልሄድኩ አለቀ።»

«ዳይሬክተሩ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«ማን ያውቃል ታዲያ?»

«እርስዎ።»

ቀለም የነካው እጃቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። መሰላሉን በሩ ላይ አስደገፉ።

«በይ ነይ። አብረን እንነግረዋለን። ብቻሽን ከሆነማ ሥራ በዛብኝ ትዪዋለሽ።»

ከፊት ከፊቴ ሄዱ። እጄ ላይ የቀረውን ጠመኔ አራግፌ ተከተልኳቸው።