ፈለቀች ያየችለት ፊልም

ፈለቀች ቦሌ ካሉት ትልልቅ ሆቴሎች በአንዱ፣ ምድር ቤት ባለው ላውንደሪ፣ አሥራ ሰባት ዓመት አንሶላ ተኩሳለች። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ትገባለች፣ ዘጠኝ ሰዓት ትወጣለች። በመካከሉ ምሳ ለመብላት ካልሆነ ቁጭ አትልም። ትልቁ ማሽን የሚተፋውን ትኩስ አንሶላ ከአንዲት የሥራ ጓደኛዋ ጋር ጫፍና ጫፉን ይዘው ወጠር ያደርጋሉ፣ ያጥፋሉ፣ ይደረድራሉ፤ ሲያልቅ ሌላ ጋሪ ይመጣል። ከሥራ ስትወጣ መገናኛ ድረስ በታክሲ፣ መገናኛ ላይ ሰልፍ፣ ከዚያ ደግሞ እስከ ሰሚት ሌላ ታክሲ። ኮንዶሚኒየሙ ስትደርስ አራተኛው ፎቅ ይጠብቃታል። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ግድግዳ ተደግፋ ጉልበቷን ታሳርፋለች። ጎረቤቶቿ ስለለመዱት «ደህና ዋልሽ» ብለዋት ያልፋሉ እንጂ «ምነው አመመሽ?» አይሏትም።

ባሏ ካሳዬ ሃያ ስድስት ዓመት በጅቡቲ መንገድ ተሳቢ የነዳ ሰው ነው። ዓይኑን ግላኮማ ነው የወሰደበት። ጎን ጎኑን ማየት ሲሳነው የመኪናውን መስታወት ሲያስቀይር ከረመ፤ ሐኪም ዘንድ ሲሄድ ጊዜው አልፎ ነበር። «የሄደው አይመለስም፣ የቀረውን እንጠብቅ» አሉት። የቀረውም አልቆየም። ከአራት ዓመት ወዲህ መስኮቱ የት እንዳለ በብርሃኑ ከመለየት በቀር የሚያየው ነገር የለም። ያለቻቸው አንድ ልጅ ብሩክታይት ሐዋሳ አግብታ ስለምትኖር ቀኑን የሚያሳልፈው ብቻውን፣ ከቴሌቪዥኑ ጋር ነው።

የአማርኛ ድምፅ የገባባቸውን ተከታታይ ድራማዎች ራሱ በጆሮው ይከታተላል። የወደደው ግን አንድ ሌላ ነበር፤ ሰዎቹ በራሳቸው ቋንቋ የሚናገሩበት፣ አማርኛው ከሥር በጽሑፍ የሚያልፍበት የቱርክ ድራማ። የወደደበትም ምክንያት ነበረው። በድራማው ውስጥ የቤቱ ትልቅ ልጅ፣ ሃሊት የሚባለው፣ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። አንድ ቀን ካሳዬ ጣቢያ ሲቀያይር የሞተር ድምፅ ሰማና እጁ ሪሞቱ ላይ ቀረ። የድራማው ድጋሚ ከሰዓት በኋላ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው፤ ፈለቀች ቤት ከምትገባበት ሰዓት ጋር ገጠመ።

«ፈሌ፣ መጣሽ? ቶሎ በይ፣ ሊጀምር ነው።»

ጫማዋን ታወልቃለች፣ ያበጠ እግሯን ዱካ ላይ ትሰቅላለች፣ ማንበብ ትጀምራለች። አባቱንም፣ እናቱንም፣ ሃሊትንም፣ እጮኛውን ሰልማንም የምትሆነው እሷው ናት። ንግግሩ ሲያልቅ ደግሞ ሙዚቃው ይመጣል፤ ካሳዬን የሚያስጨንቀው እሱ ነው።

«አሁን ዝም አሉ። ምን እያደረጉ ነው?»

«ሰልማ መስኮት ጋ ቆማለች።»

«እሺ?»

«ቆማለች በቃ። ውጭ ታያለች።»

«አለቀሰች?»

«አንድ እንባ። ያውም በአንድ ዓይኗ።»

«ሃሊትስ?»

«እሱም ሌላ መስኮት ጋ ቆሟል።»

ፈለቀች በዚህ በጣም ትገረም ነበር። በሥራ ቦታዋ፣ «እነዚህ ሰዎች ሲከፋቸው መስኮት፣ ሲደሰቱም መስኮት። ከመስኮት የሚጠራቸው ሥራ የላቸውም?» ብላ ጓደኞቿን ታስቃለች። ሲጣሉ ተራ ጠብቀው መጣላታቸውም አይዋጥላትም፤ አንዱ ተናግሮ እስኪጨርስ ሌላው ዓይኑን አፍጥጦ ይጠብቃል። እሷ ያደገችበት ቤት ሰው ሲጣላ ሁሉም ባንድ ላይ ነው የሚጮኸው። ከሁሉ በላይ ግን ዓይኗ አልጋ ላይ ያርፋል። ሰው ሊሞት ሲያጣጥር እሷ የምታየው አንሶላውን ነው። «ይሄ ጥጥ አይደለም፣ ያብለጨልጫል» ትላለች። «ትራሱን ገልብጠው ነው ያለበሱት።» «ሌሊቱን ሲገላበጥ አደረ ይሉናል፣ አንሶላው ግን ትናንት እንደተዘረጋ ነው።» ካሳዬ፣ «እሱን ተይውና ሰውየው ምን አለ?» ይላታል እንጂ መስማቱን ይወደው ነበር።

ጎረቤታቸው ሔዋን የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ ናት፤ ፊት ለፊታቸው ባለው በር ትኖራለች። እሷ አንድ ቅዳሜ በፍላሽ ያመጣችላቸውን አዲስ የአማርኛ ፊልም ሦስቱ አብረው አዩ። ድሃ እናት ታማ ተኝታለች፣ ልጅቷ ታስታምማለች፣ ሀብታሙ ልጅ በመኪና ይመጣል። ሔዋን አለቀሰች። ፈለቀች ግን የታመመችው ሴትዮ አንሶላ ላይ፣ ከፋብሪካ ታጥፎ የመጣበት መስመር አራት ቦታ ላይ እንደታተመ አየች። «ዛሬ ጠዋት ከላስቲክ ያወጡት ነው» አለች። «ሁለት ዓመት አልጋ ላይ የከረመ ሰው አንሶላ እኔ አውቀዋለሁ።» ካሳዬም የራሱን አከለ፤ «መኪናውም ዳገት ሲወጣ ማርሽ አልቀየረም። ድምፁን ከሌላ መኪና ነው ያመጡት።» ሔዋን እንባዋን እየጠረገች፣ «ከናንተ ጋር ፊልም ማየት ኃጢአት ነው!» አለቻቸው።

ያ ዘመን ደህና ነበር። ከፋሲካ በኋላ ግን ሆቴሉ በስብሰባ እንግዳ ተጨናነቀ፤ ሁለት ሠራተኞች ለቅቀው ስለነበር የሁለቱ ሥራ በቀሩት ላይ ተደረበ። ፈለቀች ቤት ስትገባ ጣቶቿ አይታጠፉም ነበር። ሶፋው ላይ ተቀምጣ ሁለት መስመር እንዳነበበች ፊደሎቹ ይደባለቁባታል፣ አገጯ ደረቷ ላይ ይወድቃል።

«ፈሌ! ምን አለች?»

«እ? ... እመጣለሁ አለች።»

«የት?»

«ቤት።»

እንዲህ ነው የጀመረው። መጀመሪያ አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ቀጥሎ አንድ ሙሉ ንግግር። ዓይኗን ጨፍና፣ «ሃሊት ደብዳቤ ጻፈላት» ትላለች፤ ደብዳቤ የሚባል ነገር አልነበረም። «አባትየው ይቅር አለው» ትላለች፤ አባትየው ይቅር ማለቱን አላየችም። አንድ ሐሙስ ግን ከመጀመሪያው ሙዚቃ እስከ መጨረሻው ተኝታ አለፈ። ካሳዬ ሁለቴ ጠራት፤ መልስ ሲያጣ ተዋት። በማግስቱ ቴሌቪዥኑን ስትመለከት ሁሉም ጥቁር ለብሰዋል። እናትየዋ አንድ ጃኬት ታቅፋ ተቀምጣለች። ሃሊት ሞቷል፤ መኪናው ገደል ገብቷል።

«ዛሬ የሃሊት ድምፅ የለም» አለ ካሳዬ። «የት ሄደ?»

ፈለቀች ባሏን አየችው። ጆሮውን ወደ ቴሌቪዥኑ አዘንብሎ፣ ሪሞቱን በሁለት እጁ ይዞ ተቀምጧል። ሾፌር ገደል ገባ ብሎ ለሾፌር መንገር ከበዳት። እውነቱን ለመናገር ደግሞ ደክሟትም ነበር፤ ሞቱን ብትነግረው፣ እንዴት ሞተ፣ የት ላይ፣ ፍሬን ነው ወይስ ጎማ፣ ብሎ እንደሚያደርቃት ታውቃለች። ያላየችውን ነገር ልታስረዳው ነው።

«ሩቅ አገር ጭነት ይዞ ሄዷል» አለችው።

«እናቱ ለምንድነው የምታለቅሰው ታዲያ?»

«ናፍቋት።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሃሊትን በሕይወት ማቆየት የፈለቀች ሥራ ሆነ። ሰልማ መቃብር ላይ ስታለቅስ፣ «ስልክ እየጠበቀች ነው» ትላለች። ታናሽ ወንድሙ ሊበቀል ሲነሳ፣ «ሊፈልገው እየሄደ ነው» ትላለች። ሦስት ሳምንት ሙሉ እንዲህ ሆነ። ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆማ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ልበለው እያለች ታስባለች። ከሥራ ወጥታ ሌላ ሥራ የገባች መሰላት።

አንድ ረቡዕ ከወትሮው ዘግይታ አራተኛ ፎቅ ስትደርስ በራቸው ገርበብ ብሏል፤ ከውስጥ የሔዋን ድምፅ ይሰማል።

«ጋሼ ካሳዬ፣ ምን ይላሉ እርስዎ? ሃሊት እኮ ከሞተ ወር ሊሞላው ነው! ገደል ገብቶ፣ ረስተውት ነው?»

ፈለቀች ደረጃው ላይ እንደቆመች ቀረች። ቦርሳዋ ትከሻዋ ላይ ከበደባት።

«አዎ፣ አዎ፣ ልክ ነሽ» አለ ካሳዬ። «ፈለቀች ነግራኝ ነበር። እኔ ነኝ ከሌላው ጋር ያምታታሁት። እርጅና ነው።»

ሔዋን ስትወጣ በሩ ላይ ተገናኙ። ሔዋን ምንም ሳታውቅ፣ «እትዬ ፈለቀች፣ ዛሬስ በጣም ደክሞሻል፣ ቡና ላፍላልሽ?» አለቻት። ፈለቀች ራሷን ነቅንቃ ገባች። ጫማዋን ሳታወልቅ ሶፋው ላይ ተቀመጠች።

«ሰምቼአለሁ» አለች።

«መስማትሽን አውቄአለሁ። ደረጃ ስትወጪ ትንፋሽሽ ይሰማል።»

«ዋሽቼሃለሁ።»

«እሱንም አውቃለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው» አለ ካሳዬ። «ስታይ አንሶላ ትጠሪያለሽ፣ መጋረጃ ትጠሪያለሽ፣ ሰዎቹን ትሰድቢያለሽ። ስትፈጥሪ ግን ሁሉም ደግ ነው፤ አልጋም የለበትም። ደግሞ የሾፌር ቤት መኪና ሦስት ሳምንት ሙሉ ሳይነሳ ሲቀር ምን ማለት እንደሆነ ይጠፋኛል?»

ፈለቀች ይቅርታ ልትጠይቅ አስባ ነበር። ይህን ስትሰማ ግን ንዴት መጣባት።

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ? እኔ እኮ መገናኛ ቆሜ፣ ፀሐዩ አናቴ ላይ ወርዶ፣ ዛሬ ምን ልንገረው ብዬ የምጨነቀው ላንተ ነው! ታውቅ ኖሮ «ተኚ» ብትለኝ ምን ነበረበት?»

«ብልሽ ትተኛለሽ።»

«እንድተኛ አይደል!»

«ቀኑን ሙሉ የሰው ድምፅ አልሰማም፣ ፈሌ» አለ ቀስ ብሎ። «ውሸትም ቢሆን ያንቺ ድምፅ ነው። ስስት ያዘኝ።»

ፈለቀች ማልቀስ ጀመረች። ያስለቀሳት አባባሉ ብቻ አይደለም፤ ድካሙም ነው፣ ጉልበቷም ነው። እያለቀሰችም ሳታስበው ለዓመታት ውስጧ የተኛ ነገር ወጣ።

«አንተስ?» አለችው። «ሃያ ስድስት ዓመት ስትመላለስ አንድ ቀን ያየኸውን ነግረኸኝ ታውቃለህ? ብሩክታይትን አዝዬ በር ላይ ስቀበልህ፣ «መንገዱ እንዴት ነበር?» ስልህ፣ «ደህና ነው» ብለህ ትተኛለህ። ጅቡቲ ትሁን ገሃነም እኔ አላውቅም። እኔ ግን የማላውቃቸውን ሰዎች እንባ ስቆጥርልህ ይኸው ስንት ወሬ!»

ካሳዬ ቴሌቪዥኑን አጠፋው። በማግስቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይም ቴሌቪዥኑ አልተከፈተም። ፈለቀች ሶፋው ላይ ጋደም አለች፤ ጸጥታው ግን እንቅልፍ ነሳት። ሦስት ቀን እንዲህ አለፈ።

በአራተኛው ቀን ካሳዬ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጅቡቲ መንገድ ላይ፣ ገዋኔን ስታልፊ አንድ ዛፍ አለ» አለ። «ሾፌር ሁሉ ያውቀዋል። በዚያ ሙቀት ጥላ ያለው እሱ ብቻ ነው። አንድ ጊዜ ጎማ ፈንድቶብኝ ሥሩ ሁለት ቀን ተኛሁ።»

ፈለቀች ዓይኗን ገለጠች። «ምን ላይ ተኛህ?»

«ሸራ ላይ።»

«ከሥሩ ምንም ሳታነጥፍ?»

«ካርቶን ነበረኝ። አንድ የአፋር ሽማግሌ ወተት ያመጣልኝ ነበር። ስሙን ሳልጠይቀው መጣሁ።»

«ይሄንን ለምን አልነገርከኝም?»

«እኔ እንጃ። ያኔ ደክሞኝ ነበር» አለ ካሳዬ።

ፈለቀች ልትቆጣ ብላ ተወችው።

ድራማው ሰኔ ላይ አለቀ። ሔዋን መጥታ መጨረሻውን ነገረቻቸው፤ ሰልማ የሃሊትን ታናሽ ወንድም አገባች። ካሳዬ፣ «መኪናውንስ ማን ወሰደው?» ብሎ ጠየቃት፤ ሔዋን አላስተዋለችም። አሁን ፊልም የሚያዩት እሁድ ብቻ ነው፤ ፈለቀች አርፋ ስለምትውል እያነበበች፣ መጋረጃውንም አንሶላውንም እየተቸች ትነግረዋለች። ሲደክማት «ደክሞኛል» ትላለች፣ ያቆማሉ። በሌላው ቀን የሚናገረው ካሳዬ ነው።

የሆቴሉ ሥራ አልቀለለም። በለቀቁት ሁለት ሰዎች ምትክ አንድ ሰው ነው የተቀጠረው። ጡረታዋ ሁለት ዓመት ይቀረዋል፤ ሐኪሙ ለጉልበቷ ቅባት ሰጥቶ «ብዙ አትቁሚ» ብሏታል። እሷም «እሺ» ብላ በማግስቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ማሽኑ ሥር ቆማለች።

ባለፈው ማክሰኞ እግሯን ዱካው ላይ ሰቅላ ትሰማው ነበር። ካሳዬ ከአዋሽ ተነስቶ ወደ ጅቡቲ በዝግታ ይነዳል፤ የት ነዳጅ እንደቀዳ፣ የት ሻይ እንደጠጣ፣ የትኛው ኩርባ ላይ እንደሚጠነቀቅ ይናገራል። እንቅልፍ ይዟት ሄደ። ስትነቃ ድምፁ አልተቋረጠም።

«የት ደረስክ?» አለችው።

«ጋላፊ። ኬላው ላይ ሰልፍ ነው።»

«ወደ ኋላ መልሰኝ» አለች ትራሷን እያስተካከለች። «ሚሌ ላይ ነው የተኛሁት።»