ዓይን የሌላቸው የሀስና ግመሎች

ሀስና ቆቦ የገባችው ሁለት ማዳበሪያ ልብስና አንድ ትልቅ ብረት ድስት ይዛ ነው። አገሯ ከወደ ዞብል፣ ከቆላው ነው። ከአውራ ጎዳናው ጀርባ ወይዘሮ አስካለ ጓሮዋ ውስጥ ያሠራቻትን ጠባብ ክፍል ተከራየች። አስካለ ተከራይ ስትቀበል ከየት እንደመጣ፣ የማን ወገን እንደሆነ፣ አገሩን ምን እንዳስለቀቀው ሳትመረምር ቤት አትሰጥም። ሀስናንም በሩ ላይ አቁማ ጠየቀቻት።

«ባል የለሽም?»

«ተለያየን፣ እትዬ።»

«ልጅስ?»

ሀስና ሻርፗን አስተካከለች። «የለኝም» አለች። አስካለ መልሱ ዘግየት ብሎ መውጣቱን ልብ አለች፤ ቤቱን ግን ሰጠቻት።

ሥራዋ ግራ የሚያጋባ ነበር። በገበያ ቀን ሰልባጅ ተራ ትወርድና ማንም የማይፈልገውን ወፍራም የሱፍ ካፖርት እየመረጠች ትገዛለች። የቆቦ ፀሐይ አናት እየበሳ ካፖርት ማን ይለብሳል? ነጋዴዎቹ ከቦንዳው ሲወጣ ወደ ጥግ የሚወረውሩት ነውና ደስ ብሏቸው ይለቁላታል። እሷ ካፖርቱን በድስቷ ታፈላዋለች፤ በሙቅ ውሃና በሳሙና ስታሸውና ስትደበድበው ትውላለች። ሱፉ እየተኮማተረና እርስ በርሱ እየተጣበቀ ይወፍራል። ሲደርቅ በመቀስ ቢቆርጡትም ጠርዙ አይተረተርም። ከዚያ ላይ ግመል፣ ፍየል፣ ከርከሮ፣ ጅግራ እየቆረጠች በመርፌ ትሰፋለች። ሆዳቸውን የምትሞላው የአፋር ነጋዴዎች በሚያመጡላት የግመል ጸጉር ነው።

የሰፋቻቸውን ሰፌድ ላይ ደርድራ መናኸሪያው በር ትቀመጣለች። ከጎብዬና ከሮቢት የሚመጣ ሚኒባስ ሲቆም፣ ልጅ ያዘለች እናት ብቅ ካለች አንድ ግመል ብድግ ታደርግና ለሕፃኑ ታሳያለች። ብዙ መጣራት አታውቅም። ልጁ እጁን ከዘረጋ እናትየው መግዛቷ አይቀርም።

ሰፈሩን የከነከነው እንስሳቱ ዓይን የሌላቸው መሆኑ ነው። ጆሮ አላቸው፣ ቀንድ አላቸው፣ ጅግራዋ አንገቷ ላይ ነጠብጣብ ሳይቀር አላት፤ ዓይን ግን የላቸውም። ፊታቸው ለስላሳ፣ ባዶ ነው። አንዳንድ ሙስሊም ጎረቤቶቿ «ነፍስ ያለውን መልክ መሥራት ኃጢአት እንዳይሆንባት ፈርታ ይሆናል» ብለው ነገሩን በመልካም ተረጎሙት። ሌሎቹ ግን አላማራቸውም። አስካለ አንድ ቀን ፊት ለፊት ጠየቀቻት።

«እኔ እምለው ሀስና፣ እነዚህ ፍጥረቶች ምን በድለው ነው የታወሩት?»

«እንዲሁ ነው የለመድኩት፣ እትዬ።»

«እንዲሁ የሚባል ነገር አለ?»

ሀስና ክሩን በጥርሷ በጠሰች። ደግሞ ስትሰፋ በሯን ትዘጋለች። በዚያ ሙቀት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ በሆነ ክፍል ውስጥ፣ በሩን ዘግቶ የሚሰፋ ጤነኛ ሰው አለ? ልጆች ሊያዩ ሲጠጉ «ሂዱ፣ ሂዱ፣ መርፌ አለ!» ብላ ታባርራቸዋለች። ለልጅ መጫወቻ እየሠራች ልጅ የምታባርር ሴት! አስካለ ይህንን ለማንም ሳትናገር በሆዷ ያዘችው።

የአስካለ ልጅ መቅደስ፣ ባሏ ለሹፍርና ወደ ሚሌ ስለሚመላለስ፣ ሕፃኗን ቤተልሔምን ይዛ እናቷ ጋር ትኖራለች። ቤተልሔም ግድግዳ ይዛ መቆም የጀመረች ሰሞን ሀስና ቡናማ ግመል ሰፍታ ሰጠቻት። ዋጋ አልጠየቀችም። ሕፃኗ ግመሉን አቅፋ ካልሆነ አልተኛም አለች።

«በነፃ የሚሰጥ ሰው የሚፈልገው ነገር አለ» አለች አስካለ።

«ኧረ እማዬ፣ ልጅ ስለምትወድ ነው» አለች መቅደስ።

«ልጅ የምትወድ በሯን ትዘጋለች?»

ዝናቡ ካበቃ በኋላ፣ ውሃው በየጉድጓዱ ባቆረበት ሰሞን፣ ቤተልሔምን ትኩሳት ያዛት። ገላዋ እንደ ፍም ጋለ። መቅደስ ልጇን አዝላ በባጃጅ ወደ ጤና ጣቢያ ስትሮጥ አስካለ ቤት ቀረች። ግመሉን አልጋው ላይ አየችው፤ ባዶ ፊቱን ወደ እሷ አዙሮ ተጋድሟል። ቢላ አምጥታ ሆዱን ቀደደችው። ጸጉር ወጣ። የተቋጠረ፣ የተድበለበለ፣ ቡናማ ጸጉር።

«በስመ አብ!» ብላ ወደ ኋላ አፈገፈገች።

ሐኪሞቹ ወባ ነው አሉ፤ መድኃኒት ሰጡ። ሕፃኗም ዳነች። መቅደስ ይህን ስትነግራት አስካለ ራሷን ነቀነቀች። «ወባስ ቢሆን ማን ላከው?» አለች።

ከዚያ በኋላ አርፋ አልተቀመጠችም። ፍየል ተራ ሄደች፤ ከዞብል ወገን ፍየል እየነዳ የሚመጣ ውዱ የሚባል ነጋዴ አገኘች።

«ሀስና የምትባል ሴት ታውቃለህ? አሻንጉሊት የምትሰፋ።»

ውዱ በትሩን ተደገፈ። «የአገሬ ልጅ አይደለች? አውቃታለሁ። ምስኪን ናት። ልጅ ነበረቻት፣ ሞተችባት።»

«ልጅ የለኝም ነው ያለችኝ!»

«አሁንማ የላትም። ልጅቷን የገደላት እሷው የሰፋችላት አሻንጉሊት ነው ይባላል።»

«እንዴት ብሎ?»

«እኔ አልነበርኩም። መንገደኛ ነኝ፣ ሳልፍ የሰማሁትን ነው።»

አስካለ ከዚያ በላይ መስማት አላስፈለጋትም። ጀንበር ሳትጠልቅ ወሬው ከፍየል ተራ መናኸሪያ፣ ከመናኸሪያ ወፍጮ ቤት ደረሰ። የሀስና አሻንጉሊት ልጅ ይገድላል። የራሷን ልጅ በልቷል።

እናቶች ልጆቻቸውን በሌላ መንገድ መውሰድ ጀመሩ። መናኸሪያ በር ከሰፌዷ ፊት የሚቆም ሰው ጠፋ። አንዲት ሴት ከዓመት በፊት የገዛችውን ከርከሮ አምጥታ በሯ ላይ ወርውራባት ሄደች። ሀስና ወጥታ አነሳችው፤ አቧራውን አራግፋ፣ እንደ ሕፃን ደረቷ ላይ አድርጋ ይዛው ገባችና በሩን ዘጋች። ከአጥር ወዲያ ሆነው ያዩ «አያችሁ?» ተባባሉ።

እሷም በተራዋ ሰው መጠርጠር ያዘች። ድስቷን ደጅ ማሳደር ተወች። ከግቢው በርሜል ውሃ መቅዳት ትታ ከሩቅ ቦኖ እየተሸከመች መጠጣት ጀመረች። ሁለት ሰዎች ቆመው ሲያወሩ ካየች እርምጃዋን ታዘገያለች፤ ስትደርስ ዝም ካሉ ስለእሷ እንደሆነ ታውቃለች። ሰላምታ ሲሰጧት እንኳ ምን ፈልገው ነው ትላለች። ግቢው ውስጥ ሁለት በር ነበር፣ የአስካለና የሀስና፤ ሁለቱም ከውስጥ ይቀረቀራል።

ቤተልሔም ግን ግመሏን አልረሳችም። ስታለቅስ ሰነበተች። መቅደስ አንጀቷ አልችል ብሎ የተቀደደውን ሆድ ራሷ መልሳ ሰፋችው።

«ይሄ ነገር ቤቴ አይገባም» አለች አስካለ።

«ልጄ እንቅልፍ አጣች እኮ እማዬ።»

አስካለ ብዙ አሰበች። በመጨረሻ «እንግዲያው ዓይን ስፊለት። ዓይን ካለው እንደ ማንኛውም አሻንጉሊት ነው» አለች። መቅደስ ከባሏ አሮጌ ሸሚዝ ላይ ሁለት ጥቁር ቁልፍ ፈትታ፣ ግመሉ ፊት ላይ ግራና ቀኝ ሰፋቻቸው።

በማግስቱ ሀስና ሰፌዷን ተሸክማ ከመናኸሪያ ስትመለስ ቤተልሔም ጓሮው ጥላ ላይ ተቀምጣለች። መቅደስ ልብስ እያጠበች ነው። ሕፃኗ የግመሉን ፊት አፏ ውስጥ ከትታ ታኝካለች። ሀስና ቆመች። ከዚያ ሰፌዱ ከእጇ ወደቀ።

ሮጣ ግመሉን ከሕፃኗ አፍ መነጨቀችው። አልበቃትም፤ ጣቷን አፏ ውስጥ ከትታ ፈተሸች። ሕፃኗ እሪ አለች። ሀስና ከግመሉ ፊት ቁልፎቹን ገነጠለቻቸው፤ አንዱ ቀድሞም በአንድ ክር ተንጠልጥሎ ነበር። ግመሉንም ይዛ ብትንትኑን አወጣችው።

«ልጄን! ምን አደረግሻት?» መቅደስ አረፋ በያዘ እጇ ገፈተረቻት።

አስካለ ከውስጥ ወጣች። የግመሉን ጸጉር መሬት ላይ ተበትኖ፣ ሀስናን ከሕፃኗ አጠገብ ቆማ፣ ቤተልሔምን እየጮኸች አየች። «የራሷን ልጅ የቀበረች እጅ ናት! ሰው ድረሱ!» ብላ ጮኸች። ጎረቤት ግር ብሎ ገባ። ሀስና ሁለቱን ቁልፎች ጨብጣ ግድግዳ ተደግፋ ቀረች።

ነገሩ ከእጅ ሳይወጣ የያዘው የእድሩ ሰብሳቢ ጋሽ ይርጋ ነው። «ማንም እጁን እንዳያነሳ። ነገ እንሰማለን» አለ። በነጋታው በእድሩ መጋዘን ጥላ ሥር አግዳሚ ወንበሮች ተደረደሩ፤ የሰፈሩ ሰው፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ ተሰበሰበ። አስካለ ቀድማ ተናገረች፤ ዓይን የሌላቸውን እንስሳት፣ የተዘጋውን በር፣ ጸጉሩን፣ ትኩሳቱን፣ ውዱ ያለውን፣ አንዱንም አላስቀረችም። ውዱም ተጠርቶ ነበር።

«በዓይንህ ያየኸው ነው?» አለው ይርጋ።

«ወላሂ አላየሁም። የሰማሁትን ነው የተናገርኩት።»

ይርጋ ወደ ሀስና ዞረ። «እንግዲህ ልጄ፣ ካንቺ እንስማ። ልጅ ነበረሽ?»



«ኢቅራ ትባላለች» አለች ሀስና። «መቆም ጀምራ ነበር። ያኔ ለሷ ብቻ ነበር የምሰፋው። ፍየል ሰፋሁላት። ከአባቷ ጃኬት ላይ ቁልፍ ፈትቼ ዓይን አደረግሁለት። ያማረ ዓይን ነበር። ውሃ ልቀዳ ወጣሁ። ስመለስ ፍየሉ አንድ ዓይን ብቻ ነው ያለው።»

ሀስና እጇን ጨብጣ ቀጠለች።

«ጀርባዋን መታሁ፣ ጣቴን ከተትኩ። አልደረስኩበትም። መኪና እስኪገኝ…» አልጨረሰችውም። «አባቷ የገደልሻት አንቺ ነሽ አለኝ። እኔም አልካድኩት። ወጥቼ መጣሁ።»

«በክር ብትጠልፊላቸው ምን ነበረበት?» አለ ይርጋ በቀስታ።

«ሞክሬ ነበር። ዓይን ላይ ስደርስ እጄ አይታዘዝም።»

«ታዲያ ሥራውን ለምን አልተውሽውም?» አለች ከኋላ አንዲት ሴት።

«ልጅ ሁሉ መጫወቻ ይፈልጋል። እኔ ካልሰፋሁት የሚገዙለት ዓይኑ የሚወልቀውን ነው።» ጭብጧን ፈታ ሁለቱን ጥቁር ቁልፎች አሳየች። «በሬን የምዘጋውም መርፌና ቁርጥራጭ እንዳያነሱ ነው። ጸጉሩ የግመል ነው፣ የሚሸጡልኝን ጠይቁ።»

መቅደስ ልጇን አጥብቃ ያዘች፤ ፊቷ አመድ መስሏል። ውዱ አንገቱን ደፍቶ «አላህ ይዘንላት፣ ይቅር በይኝ እህቴ» አለ። አስካለ ግን ከተቀመጠችበት ሳትነሳ ጠየቀቻት።

«ይሄን ለምን ደበቅሽኝ? በሬ ላይ ቆመሽ ስጠይቅሽ ለምን ዋሸሽ?»

«ብነግርዎት ቤት ይሰጡኝ ነበር፣ እትዬ?»

ይርጋ «ሀስና ባለችበት ትኑር፣ የሚነካት ቢኖር ጠቡ ከእድሩ ጋር ነው» ብሎ ጨረሰ። ሰው እየተበተነ ሄደ፤ ግማሹ እያዘነ፣ ግማሹ ደግሞ እያጉረመረመ። አንዳንዱ መንገድ ላይ «ማን ያውቃል፣ ያለቀሰ ሁሉ እውነት አይናገርም» ማለቱ አልቀረም። ከርከሮውን የወረወረችው ሴት ከዚያም በኋላ ከሀስና ገዝታ አታውቅም።

አስካለ ይቅርታ አልጠየቀችም። ከሳምንት በኋላ ግን በልጇ በኩል «ከሩቅ ቦኖ ምን ያመላልሳታል፣ በርሜሉ እዚሁ አይደል» ስትል ላከችባት። ሀስና ሰማች፤ ሦስት ቀን ቆይታ ከበርሜሉ አንድ ጆግ ብቻ ቀዳች። ቀድታም መጀመሪያ አሸተተችው።

መናኸሪያው በር ላይ ገዢ ቀስ በቀስ ተመለሰ፤ ይበልጡን ከሌላ ከተማ የሚያልፉ፣ ወሬውን ያልሰሙ ናቸው።

አንድ ከሰዓት በኋላ መቅደስ የሀስናን በር አንኳኳች። ቤተልሔምን ታቅፋለች፤ በሌላ እጇ በፌስታል የተቋጠረ የግመሉን ቁርጥራጭና ጸጉር ይዛለች። ከመሬት ለቅማ ያኖረችው ነው።

«ይሰፋል?»

ሀስና ቁርጥራጩን እያገላበጠች አየችው። «ይሰፋል። ጠባሳው ግን ይታያል።»

«ይታይ።»

«ነገ ነይና ውሰጂ።»

መቅደስ አልሄደችም። የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጠች፤ ልጇን ጭኗ ላይ አጥብቃ ያዘቻት። «አይ፣ እዚሁ ፊቴ ስፊው» አለች።

ሀስና ትንሽ አየቻት። ከዚያ መርፌዋን ከሻርፗ ጫፍ ነቅላ ክር ከተተችና፣ በሩን እንደተከፈተ ትታ መስፋት ጀመረች። መቅደስ ከመርፌው ላይ ዓይኗን አላነሳችም።