ሳያልቅ የቀረው የገና ጨዋታ

ይህ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ ብሔራዊ ውትድርና ከታወጀ ከሁለት ወይም ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። ዓመተ ምሕረቱን በትክክል አላስታውስም። የልጄ የታምራት ድምፅ መጎርነን የጀመረበት ዓመት መሆኑን ግን አልረሳም። ያኔ ድምፁ የጎረነነ ልጅ ያላት እናት እንቅልፍ አልነበራትም።

ነገሩን ለብዙ ዘመን ለማንም ሳልናገር ኖሬአለሁ። አሁን ስጽፈው እንኳ የትኛውን በዓይኔ እንዳየሁት፣ የትኛው ኋላ በሕልሜ እንደመጣ አንዳንዴ ይምታታብኛል። ትምህርቴ ከሦስተኛ ክፍል አላለፈምና አጻጻፌን ይቅር በሉኝ።

ከተማችንን ያኔ አዋሳ ነበር የምንላት። የገናን ጨዋታ ወደ ሰፈራችን ያመጡት ጡረታ የወጡ ወታደሮች ናቸው ይባላል። ጫፉ ቆልመም ያለ ዱላ ይዘው፣ ሩር የምትባለውን በጠፍር የተሸፈነች ኳስ እየመቱ በገና ቀን ይጫወቱ ነበር። ልጆቻቸው ከእነሱ ተማሩ፣ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ደግሞ ከልጆቻቸው ተማረ። የሲዳማውም፣ የወላይታውም፣ የስልጤውም ልጅ ዱላ ቆርጦ ወጣ። ኋላ አንድ የስፖርት አስተማሪ የየቀበሌውን ወጣት በቡድን በቡድን አድርጎ ውድድር አቋቋመ። ገና የሚለው ስም የሃይማኖት ነው ተብሎ ስለተፈራ ወረቀቱ ላይ «የባህል ስፖርት» ተብሎ ተጻፈ። ልጆቹ ግን ገና ነው የሚሉት። በሦስተኛው ዓመት የእኛ ቀበሌና የሐይቅ ዳሩ ቀበሌ ለፍጻሜ ደረሱ።

እኔ ጨዋታውን እፈራው ነበር። ዱላው ዓይን ያጠፋል እያልኩ እጨነቃለሁ። ከዱላው ይልቅ ግን የምፈራው መሰብሰባቸውን ነው። ወጣት በተሰበሰበበት ለውትድርና የሚያፍስ መኪና ይመጣል፤ መኪና ከመጣ ደግሞ ልጅ ወደ ቤቱ አይመለስም። ታምራትን ልከለክለው ሞክሬ ነበር።

«እማዬ፣ ይህን ከምትከለክይኝ እራት ከልክይኝ» አለኝ።

በመጨረሻ ተስማማን። እሱ ይጫወታል፣ እኔ በእያንዳንዱ ጨዋታ ሜዳው ዳር እቀመጣለሁ። እሱም በበኩሉ አንድ ነገር አስምሎኛል። «ልጆቹ ይስቁብኛል፤ ምንም ቢሆን እንዳትጮኺ።» እንደማልጮህ ማልኩለት።

የፍጻሜው ቀን ከሰዓት በኋላ ከጎረቤቴ ከዘይነባ ጋር፣ ከሐይቁ አጠገብ ባለው ሜዳ ዳር አንድ ሾላ ሥር ተቀመጥን። ዘይነባ ትንሽ ሱቅ ነበራት። ልጇ ከድር ከታምራት ጋር አንድ ቡድን ነው፤ ከአንድ ጡት የጠቡ ነበር የሚመስሉት። እሷ የተቆላ ሱፍ እየፈለቀቀች ጨዋታውን ታያለች። እኔ ከፒያሳ በኩል የሚመጣውን መንገድ አያለሁ።

«የታምራት እናት፣ ጨዋታው ወዲህ ነው!» አለችኝ። «አንቺ የመንገድ ሥራ ሠራተኛ ነሽ እንዴ?»

«አንቺ ስለምታይልኝ ይበቃኛል» አልኳት።

በገና ጨዋታ በዘፈን መሰዳደብ ልማድ ነው። የተሰደበ ሰው፣ ሹምም ቢሆን፣ አይቆጣም፤ መቆጣት ነውር ነው። በዚያ ሁሉ ሰው አፉን ይዞ በሚኖርበት ዘመን የቀበሌው ሊቀመንበር እንኳ በገና ሲሰደብ ፈገግ ብሎ ያልፍ ነበር። ያን ቀን የእኛ ልጆች በከድር አውጪነት እንዲህ አሉ፤

የሐይቅ ዳር ልጅ መች ገና ያውቃል፣
ዓሣ ሲያባርር ሩር ይጠፋዋል።

የሐይቅ ዳሩ አለቃ ላሚሶ የሚባል ረጅም ልጅ ነበር። ዱላውን ትከሻው ላይ ጥሎ «አይ ከድር! የእናትህ ሱቅ ስኳር ሲጠፋ ምላስህ ጣፈጠ!» ሲል ዘይነባ ከሁሉም በላይ ሳቀች።

ጀምበሯ ዘቅዘቅ አለች። ከሜዳው የሚነሣው አቧራና ከሐይቁ የሚመጣው ብርሃን ተቀላቀሉ። ቀና ብዬ ሳይ ልጆቹ መሬት የሚረግጡ አልመስል አሉኝ። አባ ኮዳ የምንላቸው ትልልቅ ወፎች እንደ ሽማግሌ አንገታቸውን ቀብረው ዳር ቆመዋል። አንድ አፍታ ፍርሃቴን ረሳሁት።

ሦስት ቀድሞ ያገባ ነበር የሚያሸንፈው። ሁለት ለሁለት ነበሩ። ዘይነባ ክንዴን ጨብጣ «ሩሯን ታምራት ያዛት! ከድር ብቻውን ቆሟል፣ ማንም የለበትም፣ ስጠው! ስጠው!» ትላለች።

እኔ ያን ጊዜ ያየሁት መኪናውን ነው።

አረንጓዴ የጭነት መኪና ነበር። ላዩ ላይ ካኪ የለበሱ ሰዎች ቆመዋል። ወደ እኛ ታጠፈ። መሐላዬም ሌላውም ነገር ሁሉ ከአእምሮዬ ጠፋ። ከየት እንደመጣ በማላውቀው ድምፅ «አፈሳ! አፈሳ መጣ! ሽሹ!» ብዬ ጮኽኩ።

ሜዳው በቅጽበት ባዶ ሆነ። የሁለቱም ቡድን ልጆች እንደ ወፍ ተበትነው ሐይቁ ዳር ያለው ቄጠማ ውስጥ ገቡ። ከድር እንኳ ዱላውን እንዳነሣ ነው የሮጠው። ሩሯ ብቻ ቀስ እያለች ተንከባልላ እግሬ ሥር መጣች። አንሥቼ ብብቴ ውስጥ ከተትኳት። ለምን እንደሆነ አላውቅም።

መኪናው ቆመ። ከላዩ የዘለሉት የከፍተኛው አስተዳደር የኪነት ቡድን ዘፋኝ ልጆች ነበሩ። ካኪው የመድረክ ልብሳቸው ነው። ከበሮና አኮርዲዮን ይዘዋል። ከኋላ ለአሸናፊው የሚሰጥ በግ ታስሯል። የስፖርት አስተማሪው ከጋቢና ወርዶ ባዶውን ሜዳ አየ።

«ልጆቹ የታሉ?»

ዘይነባ አየችኝ፣ ከዚያ እሱን አየችው።

«ከወደ ሐይቁ የሆነ ሰው ጮኸና ሸሹ» አለች።

«ማን ነው የጮኸው?»

«እንጃ ጋሼ። እኔ ጨዋታውን ነበር የማየው።»

ልጆቹን ቢጠሯቸው አይወጡም። በተጠሩ ቁጥር ወደ ውስጥ ይገባሉ። እኔ ደግሞ ሌላ ፍርሃት ያዘኝ። ሲመሽ ጉማሬ ሣር ሊበላ የሚወጣው በዚያው በቄጠማው በኩል ነው። ከወታደር መኪና ላድን ብዬ ጉማሬ አፍ ውስጥ ከተትኳቸው ስል አሰብኩ።

በመጨረሻ አስተማሪው የኪነቱን ልጆች ውኃው ዳር አሰልፎ «ዝፈኑ» አላቸው። ዘፈኑ። የሠርግ ዘፈን ነበር የመረጡት። ከበሮው ውኃው ላይ እየተንሳፈፈ የሚሄድ ይመስል ነበር። ሐይቁ ወርቅ መስሏል፣ ቄጠማው ይወዛወዛል፣ ካኪ የለበሱ ልጃገረዶች ለማይታይ ሰው ያጨበጭባሉ። አሁንም በሕልሜ የሚመጣው ይህ ነው።

ከዚያ ቄጠማው መሐል አንድ ራስ ብቅ አለ። ቀጥሎ ሌላ። እስከ ወገባቸው ርሰው፣ ዱላቸውን እንደያዙ፣ አንድ በአንድ ወጡ። ከድርም ወጣ፣ ዘይነባ በነጠላዋ ራሱን አደረቀችለት። ታምራት ግን የለም። ላሚሶም የለም።

ጫማዬን ጥዬ ውኃው ውስጥ ገባሁ። ጉልበቴ ድረስ ስገባ ጭቃው እግሬን ያዘው። ስሙን ልጠራ አፌን ከፈትኩ፣ ድምፅ ግን አልወጣልኝም። ለዚያ ክፉ ጩኸት የወጣው ድምፅ ለልጄ ስም ጠፋ።

በዚያን ጊዜ ነው ከቄጠማው ጀርባ አንዲት ታንኳ ያለ ምንም ድምፅ የመጣችው። አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ይቀዝፋሉ። ታምራትና ላሚሶ ጉልበታቸውን አቅፈው አንድ ሸሚዝ ለሁለት ተከናንበዋል።

«እነዚህ የማን ናቸው?» አሉ ሽማግሌው። «የጉማሬ ጓሮ ገብተው ሲጨቃጨቁ አገኘኋቸው። አንዱ ጨዋታው ባይቋረጥ ትገባ ነበር ይላል፣ አንዱ አትገባም ይላል። ዓሣዬን አባረው ጨረሱት!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ አለቀስኩ።

ወደ ቤት ስንሄድ ታምራት ጠየቀኝ። «እማዬ፣ ማን ነው የጮኸው?»

«አላየሁም ልጄ» አልኩት።

አስተማሪው በሚቀጥለው ሳምንት ይጠናቀቃል ብሎ ነበር። ስብሰባ ሆነና ቀረ፣ ከዚያ ዝናቡ ገባ። በሚቀጥለው ዓመት ገና ሳይደርስ እውነተኛው መኪና መጣ። ታምራትን ገጠር ወንድሜ ዘንድ ልኬው ነበርና ተረፈ። ከድርን ከሱቁ በር ላይ ወሰዱት። ያን ቀን የጮኸ ሰው አልነበረም። ከድር አልተመለሰም። ከሁለቱም ቡድን ያልተመለሱ ሌሎችም አሉ። ውድድሩም ከዚያ በኋላ አልተደረገም።

እኔን የሚያቃጥለኝ ይህ ነበር። እነዚያ ልጆች ሁሉም አንድ ላይ የተጫወቱት የመጨረሻው ጨዋታ ያ ነው። ያቋረጥኩባቸው እኔ ነኝ። ከድር ብቻውን ቆሞ ሩሯን እየጠበቀ ነበር።

ዘመኑ አለፈ። የቀሩት ልጆች ሸበቱ። በየዓመቱ በገና ቀን ሐይቁ ዳር ዓሣ ይበላሉ፣ ስለዚያች ሩር ይከራከራሉ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ታምራት እኔንና ዘይነባን ይዞን ሄደ። ላሚሶ እንደ ልማዱ «ብንጨርሰውም እኛ ነበርን የምናሸንፈው» አለ። ታምራት «ያ የጮኸ ሰው ባይኖር!» አለ።

ያን ጊዜ ከቦርሳዬ ሩሯን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኳት። ጠፍሩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል።

«የጮኽኩት እኔ ነኝ» አልኩ።

ታምራት አንዴ ሩሯን፣ አንዴ እኔን ያያል። እኔ ጠረጴዛውን አየሁ። ከዚያ ላሚሶ ቀስ ብሎ በእጁ ጠረጴዛውን ይመታ ጀመር፤

ሁለት ቡድን ገጥሞ ሁለቱም ተረታ፣
እማማ አሸነፉ በአንዲት ኡኡታ!

ሁሉም ተቀበሉት። ታምራት ዓይኑን እየጠረገ ከሁሉም በላይ ይጮህ ነበር። በገና ጨዋታ የተሰደበ አይቆጣምና ሳቅሁ። እንዲህ የጣፈጠኝ ስድብ የለም።

ዘፈኑ ሲያበቃ ዘይነባ ተነሣች። ላሚሶ የሚደገፍበትን ከዘራ ወሰደች፣ ሩሯን አንሥታ ሣሩ ላይ አኖረቻት።

«የከድር ተራ ነበር» አለች።

ማንም አልከለከላትም። ላሚሶ ራሱ ከፊቷ ገለል አለ። ጎንበስ ብላ በከዘራው መታቻት። ሩሯ ሩቅ አልሄደችም፣ ሣሩ ላይ ቀስ እያለች ተንከባለለች። ላሚሶ እጁን አንሥቶ «ገብታለች» አለ። «ሦስት ለሁለት።»

አሁንም የከባድ መኪና ድምፅ ስሰማ ልቤ ይደነግጣል፤ ይህ የሚለቀኝ አይመስለኝም። ያን ቀንም ከኋላችን ባለው መንገድ ሲያልፍ ሰምቼዋለሁ። ግን ዞሬ አላየሁም። ሩሯ እስክትቆም ድረስ እሷን ነበር የማየው።