የውሃ ሻጩ ሁለተኛ ክፍል

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ቤዛ አለቀሰች። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። እንባዋ ቅርብ አይደለም፤ ትንሽ ሆና እንኳ ወድቃ ጉልበቷ ሲደማ አቧራዋን አራግፋ የምትነሣ ልጅ ነበረች። ምሳ ቀርቦ አልበላም ብላ ከክፍሏ ስትቀር እናቷ የሺ ገብታ አየቻትና እየሣቀች ተመለሰች።

«ሰው የሞተባት መስሎኝ ክው ብዬ ነበር» አለችኝ። «ለካ በጌም ነው። ሦስት ዓመት ስትጠብቀው የኖረችው ሁለተኛ ክፍል ወጣላት፤ እንደጠበቅሁት አልሆነም ብላ ነው የምታለቅስ። ለጨዋታ እንዲህ ይለቀሳል?»

የሺ እኔም አብሬያት እንድሥቅ ጠብቃ ነበር። አልሣቅሁም።  እጄን ታጠብሁና ወጥቼ ከደጃችን ኒም ዛፍ ሥር ተቀመጥሁ። ነሐሴ ነው። በነሐሴ የመተማ ዋልካ ጫማህን ይዞ ባዶ እግርህን ይሰድድሃል። ወደ ጉምሩክ የተሰለፉት መኪኖች ጎማቸው እስከ ግማሽ ጭቃ ለብሷል። እነሱን እያየሁ ስለ ኢድሪስ ማሰብ ጀመርሁ፤ ከእሱም ስለ እናቴ።

አባቴ ለሰሊጥ አጨዳ ከጎጃም ወርዶ በዚያው መተማ ዮሐንስ የቀረ ሰው ነበር። በኋላ ትራክተር መንዳት ተማረ። እኔ ስምንት ዓመት ሲሆነኝ፣ አንድ የክረምት መግቢያ ላይ፣ ለእርሻ ሥራ ወደ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ተሻገረ። «አጨዳው ሲያልቅ እመጣለሁ» ብሎ ነበር። አልመጣም። አንድ ሾፌር እዚያ ሌላ ትዳር ይዟል አለ። ሌላው በወባ ሞቷል ሲባል ሰምቻለሁ አለ። ሦስተኛው ደግሞ ባለፈው ወር ከሰላ ከተማ ገበያ ላይ በዓይኔ አይቼዋለሁ ብሎ ማለ። እናቴ ዘውዴ ያመነችው ሦስተኛውን ብቻ ነው። ፉልና ሻይ የምትሸጥባት ትንሽ ቤት ነበረችን፤ ከሱዳን በኩል የመጣ ሾፌር ሁሉ እሷ ሳትጠይቀው ቁርሱን በልቶ አይሄድም። አባቴ ቆየ፣ ዘገየ፣ መንገድ ያዘው ይባላል። ሞተ የሚል ቃል ግን በቤታችን ከስሙ ጋር ተጠርቶ አያውቅም።

ኢድሪስ የሐጂ ሲራጅ ልጅ ነው። ሐጂ ሲራጅ ከእኛ ቤት ፊት ለፊት ጨርቅና ሳሙና፣ ሽቶና የሻይ ብርጭቆ ይሸጡ ነበር። ልጃቸው በዕድሜ አንድ ዓመት ይበልጠኛል፤ ረዥም፣ ቀጭን፣ ሲያወራ እጁ የማያርፍ። እኔ አሥራ አራት ሲሞላኝ የገዳሪፍ አጎቱ የቴሌቪዥን መጫወቻ ማሽን ላከለት። ማሽኑን ከሱቁ በስተኋላ ካለው መጋዘን፣ ከጨርቅ ጥቅሎች መሐል አስቀመጥነው። በዚያ ዘመን መብራት ገና በወጉ አልገባም፤ ከጎረቤት ወፍጮ ቤት በአጥር ላይ ሽቦ ስበን ነው የምንጫወት። ወፍጮው ሲሠራ እንጫወታለን። ባለ ወፍጮው ሞተሩን ሲያጠፋ የእኛም ዓለም ድርግም ይላል።

ከማሽኑ ጋር የመጣው ጨዋታ አንድ ብቻ ነበር። የሽፋኑን ጽሑፍ ማንበብ ስላቃተን «ውሃ ሻጩ» አልነው። ውጊያ የለበትም። አንድ ወጣት አንካሳ አህያ ላይ ውሃ ጭኖ፣ ጉድጓዱ ሁሉ በነጠፈበት አገር ይጓዛል። አባቱ ጉድጓድ ቆፋሪ ነው፤ ከዓመታት በፊት ሄዶ አልተመለሰም። ልጁ በየደረሰበት የተጠማውን እያጠጣ፣ አባቱ በየድንጋዩ ላይ ጭሮ የሄደውን ምልክት እየፈለገ ይከተለዋል። አህያዋ ስትደክም አብሮ መቆም አለብህ። ብትመታት አትሄድም፤ ብትጠብቃት ራሷ ትነሣለች። እንዲህ ያለ ጨዋታ ማን እንዳሰበው አላውቅም፤ ማንም ይሁን፣ ቆላ ውስጥ መንገድ የሄደ ሰው ይመስለኝ ነበር።

የደረስንበትን ቦታ የሚያስቀምጥ ሜሞሪ የሚሉት ዕቃ አልነበረንም። ወፍጮው በቆመ ቁጥር እንደገና ከመጀመሪያው መንደር እንነሣለን። ስለዚህ ፊተኞቹን መንደሮች እንደ ዳዊት በቃላችን ያዝናቸው። ኢድሪስ መንገዱን ይመራል፤ እኔ ከትምህርት ቤት በተዋስሁት መዝገበ ቃላት ጽሑፉን እፈታለሁ።

ያየሁትን ሁሉ ለእናቴ እነግራት ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ ሽንኩርት ይዤላት እየላጥሁ እተርክላታለሁ። በመጀመሪያ እሺ እሺ እያለች ለደንቡ ነበር የምትሰማ። አባቱን የሚፈልግ ልጅ መሆኑን ከሰማች ወዲያ ግን ጠያቂዋ እሷ ሆነች።

«ዛሬስ ከየት ደረሰ?» ትለኛለች።

«የጨው ሜዳውን አለፈ።»

«ምልክቱን አገኘ?»

«አንድ አገኘ።»

«ይሁን፣ አንድም ምልክት ነው» ትልና ወደ ፉሏ ትዞራለች።

የፋሲካ ሰሞን ነው የጨረስነው። ለበዓሉ የሚያስፈጭ ስለበዛ ወፍጮው ከማለዳ ጀምሮ አላረፈም። የሚያዝያ ሙቀት መጋዘኑን ምድጃ አድርጎት ነበር፤ ላባችን ከእጃችን ባለ ቁልፉ መያዣ ላይ ይንጠባጠባል፤ እኛ ግን ውሃ ለመጠጣት እንኳ አልተነሣንም። አሥር ሰዓት ገደማ ውሃ ሻጩ በጭቃ አጥር የተከበበ ግቢ ደረሰ። የመጨረሻው ምልክት በሩ ላይ አለ። አንኳኳ። ከውስጥ አንድ ሽማግሌ ሳለና «ማነው?» አለ። የልጁን ፊት በቅርብ አሳዩን። ከዚያ ጨለማ ሆነና አንዲት መስመር ጽሑፍ ወጣች። መዝገበ ቃላቱን ገለጥሁት። ይቀጥላል ማለት ነው።

«ይቀጥላል!» ብሎ ኢድሪስ ዘሎ አቀፈኝ። «ወላሂ ይቀጥላል፣ ማሩ!»

ለእናቴ ስነግራት እጇን በመቀነቷ እየጠረገች ሰማችኝ።

«በሩ አልተከፈተም?»

«አልተከፈተም። ይቀጥላል ነው የሚል።»

«ይቀጥላል እንጂ!» አለች። «አባትና ልጅ በር ላይ ደርሰው እንዲሁ ይቀራሉ?»

በዓመቱ ሐጂ ሲራጅ ቤተሰባቸውን ይዘው ካርቱም ገቡ። ኢድሪስ ሲለየኝ ሁለተኛው ክፍል ሲወጣ ብቻውን እንደማይነካው ማለልኝ። በየሾፌሩ ደብዳቤ ይልክልኝ ነበር፤ የደብዳቤው መጨረሻ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ገና አልወጣም»። አምስት ዓመት እንዲህ አለፈ። እኔ ትምህርት ጨርሼ ሰሊጥ መጋዘን ተቀጠርሁ። ጢም አበቀልሁ። በአደባባይ ስለ ጨዋታ ማውራት የሚያሳፍረኝ ሰው ሆንሁ። በልቤ ግን እዚያ በር ላይ እንደቆምሁ ነበርሁ። እናቴም አንዳንዴ፣ የማይመለከታት ነገር አስመስላ፣ «ያ ልጅ ደብዳቤ ላከ? ስለዚያ ነገር ምንም አላለ?» ትለኛለች።

በሃያ ዓመቴ፣ ክረምት፣ ኢድሪስ ነጭ ጀለቢያውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ በጭቃው ውስጥ መጣ። በትከሻው ላይ ካለው ሻንጣ ውስጥ አዲስ ማሽን በብርድ ልብስ ተጠቅልሏል። በቀዬው ሁሉ ፊት ተቃቀፍን። እናቴ ሳመችው፤ አገላብጣ ሳመችው።

«እትዬ ዘውዴ፣ አላረጁም እኮ» አላት።

«ውሸትህን ተወው። አመጣኸው?»

«አምጥቻለሁ» አለ። ሲላት ግን ዓይኑ መሬት ላይ ነበር። ያን ጊዜ ልብ አላልሁትም።

ከሰዓት በኋላ ነው፤ ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር። ማሽኑን ከቴሌቪዥናችን ጋር አያይዘን እኔና ኢድሪስ ጠፍር አልጋው ላይ ተቀመጥን፤ እናቴ ለማድረቅ የምትከትፈውን ባሚያ ይዛ በሩ አጠገብ ትንሽ የእንጨት ዱካ ላይ ተቀመጠች። ሥራዋ ጓዳ ነበር፤ ያን ቀን ግን እኛ ዘንድ አመጣችው።

ጨዋታው በጩኸት ጀመረ። ውሃ ሻጩን ካልነገሩኝ አላውቀውም ነበር። ደረቱ ሰፍቷል፤ በወገቡ ጎራዴ፣ በትከሻው ጠመንጃ ይዟል።

«አህያዋስ?» አልሁ።

ኢድሪስ መያዣውን ሰጠኝና፣ «ወደ ግራ ነው፤ በሩ በግራ በኩል ነው» አለኝ። ገና ምንም ሳይታይ።

በሩ ተከፈተ። አንድ የማላውቀው ሽማግሌ ወጣ። አሁን መዝገበ ቃላት አያሻኝም፤ ራሴ አነበብሁት። «አባትህ ከሞተ ቆይቷል። የሰማኸው ድምፅ የእኔ ነው። ይልቅ ጠላቶችህ መጥተዋል፤ መሣሪያህን አንሣ» ይላል። በቃ። በአንድ መስመር። ስለዚያ ሁሉ ድንጋይና ምልክት፣ ስለ ጨው ሜዳው አንድ ቃል ሳይሉ ተኩስ ጀመሩ።  በስክሪኑ ላይ ሰዎች እየመጡ ይቆራርጡኛል፤ እኔ አልነቃነቅም።

የእናቴ ቢላዋ ቆመ።

«አገኘው?» አለች።

ኢድሪስ ከእኔ ቀደመ። «አዎ፣ እትዬ ዘውዴ። አገኘው» አላት። «ቤት ውስጥ ነበር። ታሞ ነው መምጣት ያቃተው።»

የእናቴን ፊት ያን ጊዜ ብታዩት! ሃያ ዓመት የቀነሰች መሰለች። «አላልሁም?» አለች። «አላልሁም? ታሞ ነው!»

እኔ ምን እንደነካኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። ጨዋታውን ሠርተው ያታለሉኝ ሩቅ አገር ያሉ ሰዎች ናቸው፤ እነሱን ማግኘት አልችልም። አጠገቤ ያለው ኢድሪስ ነው።

«ውሸቱን ነው» አልሁ። «አላገኘውም። ሞቷል። ድሮ ነው የሞተው። ስንጠብቅ የኖርነው የሞተ ሰው ነው!»

ከአፌ ሲወጣ ነው የሰማሁት። እናቴ ቢላዋውን ባሚያው ላይ ቀስ ብላ አኖረች፤ ተነሣች፤ ወደ ጓዳ ገባች። 

«ምን አደረግህ፣ ማሩ?» አለኝ ኢድሪስ በሹክሹክታ።

«ተጫውተኸው ነበር። ምለህልኝ ብቻህን ጨረስኸው።»

«አዎ፣ አልቻልሁም፤ አንድ ቀን ከፈትሁት። ካየሁት በኋላ እንዳላመጣልህ አሰብሁ። አምስት ዓመት ስትጠብቅ ኖረህ አልወጣም ብዬ ደግሞ እንዴት ልጻፍልህ?»

«ውጣልኝ» አልሁት። «ከነማሽንህ ውጣልኝ።»

ማሽኑን አልወሰደም። ጫማውን በእጁ ይዞ፣ ባዶ እግሩን፣ በዋልካው ላይ ወደ ድንበሩ ሲሄድ አየሁት። መለስ ብሎ ቢያየኝ እጠራው ነበር ብዬ ራሴን ስሸነግል ኖሬአለሁ።

በሦስተኛው ቀን እናቴ ራሷን ተላጭታ ጥቁር ለብሳ ወጣች። ጎረቤቶችን ጠርታ፣ «ባሌ ሞቷል፤ እርሜን ላውጣ» አለቻቸው። ማን ነገረሽ ሲሏት፣ «ልጄ ነገረኝ» አለች። የመኪና ሸራ ተወጠረ፤ ዝናቡ ሸራው ላይ እየወረደ ሦስት ቀን ተለቀሰ። ሰዉ እኔን ሲያጽናና፣ ወሬው ከየት እንደመጣ ሲጠይቀኝ፣ ምን ልበል? ከጨዋታ ነው ልበል? አንገቴን ደፋሁ። ለእናቴም ጨዋታውን ነው ያልሁት፣ አባቴን አይደለም ልላት አንድ ቀን ጀመርሁ። «ተወው፣ ልጄ» አለችኝ። «እኔም አውቀው ነበር፤ የሚለኝ ሰው ነው ያጣሁ።» እውነቷን ይሁን ልታጽናናኝ ብላ፣ አልጠየቅኋትም። ከዚያ ወዲያ ሾፌሮቹን ፉል እያቀረበች ዝም ትላቸው ነበር። ስትጠይቃቸው ከምሰማው ይልቅ ያ ዝምታዋ ከበደኝ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ እሷም አረፈች። የአባቴን መሞት ግን እስከ ዛሬ የነገረን ሰው የለም።

ኢድሪስ ለቅሶውን ሰምቶ ደውሎልኝ ነበር። «እትዬ ዘውዴን ይቅር በይኝ በልልኝ» አለ እያለቀሰ። እሺ ብዬ ዘጋሁት። መልእክቱን አላደረስሁለትም፤ ይቅርታ መጠየቅ የነበረብኝ እኔ መሆኔን ማመን ሌላ ብዙ ዓመት ፈጀብኝ። ያን ካመንሁ በኋላ የኢድሪስን ቁጥር ከነጋዴ ተቀብዬ ሁለት ጊዜ አወራን፤ ስለ ልጆች፣ ስለ ሰሊጥ፣ ስለ ዝናብ። የልቤን ለሚቀጥለው እያልሁ አቆየሁት። ከዚያ የሱዳን ጦርነት መጣ። ቁጥሩ አይሠራም። ሰው ፍራሹንና ልጁን ተሸክሞ በድልድዩ ሲጎርፍ ስንት ቀን ቆሜ ፊት ስመረምር ዋልሁ። የኢድሪስን ሰፈር የሚያውቅ አንድ ሰው አግኝቼ ነበር፤ «እዚያ ሰፈር የቀረ ሰው የለም፤ የት እንደገቡ ግን አላውቅም» አለኝ።

የኒሙ ጥላ ሲዞር ተነሥቼ ቤዛ ክፍል ገባሁ።

«አንተም ልትሥቅብኝ ነው፣ አባዬ?» አለችኝ።

«አይደለም። ምን ይሆናል ብለሽ ነበር የጠበቅሽው?»

ዓይኗን ጠርጋ ነገረችኝ፤ ረዥም ነው፤ ግማሹን አልተከታተልሁትም። «እኔ በልቤ ጨርሼው ነበር» አለች በመጨረሻ። «እነሱ ያበላሹብኝ ያንን ነው።»

ራሷን ዳበስሁላት። ጨዋታውን የሠሩት ሰዎች መተማ የምትባል ከተማ መኖሯን አያውቁም፤ ዘውዴ የምትባል ሴት በር አጠገብ ተቀምጣ እንደምትሰማቸውም የነገራቸው ሰው የለም። እነሱን መቀየም ከተውሁ ቆይቻለሁ። ኢድሪስ ግን ያውቅ ነበር። ሁሉን እያወቀ ነው «አገኘው» ብሎ የዋሸላት። ለእናቴ ያን ቀን ያዘነላት አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም እኔ አልነበርሁም።