የመጨረሻዋ እጥፋት

ጎረቤቴ እትዬ መጽሐፍ ጠራዥ ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ በአንድ ማተሚያ ቤት ጓሮ፣ ረጅም ጠረጴዛ ዳር ቆመው የታተመ ወረቀት ሲያጥፉና ሲሰፉ ኖሩ። ነበሩ ማለቴ ሞተዋል ማለት አይደለም፤ አፌን ቁርጥ ያድርገው። አሉ። ግን ከግድግዳዬ ማዶ አይደሉም፤ የሚያንገበግበኝም እሱ ነው።

እኔ የሆቴል ልብስ አጣቢና ተኳሽ ነበርኩ። «እኔ በወረቀት፣ አንቺ በአንሶላ፣ ሁለታችንም ስናጥፍ አረጀን» እያሉ ይስቁብኝ ነበር።

አንድ ልብ ወለድ ነበራቸው። ማተሚያ ቤቱ ብልሽት የሆነውን ቅጂ ለሠራተኛ ይተወው ነበርና፣ እሷንም እንደዚያው ነው ያገኟት። ወንድሟ እስኪመለስ ክፍሉን ቆልፋ፣ ቁልፉን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ የምትጠብቅ ሴት ታሪክ ነው። እትዬ ይቺን ሴት ሥራ ላይ ሳሉ በቁራጭ ነበር የሚያውቋት። ለጠራዥ የሚደርሰው መጽሐፉ ሳይሆን እጥፋቱ፣ ማለት አንድ ትልቅ ወረቀት ታጥፎ የሚወጣው ጥቂት ገጽ ነዋ! አንዷን እጥፋት ሲሰፉ ይውላሉ፤ ከላይ የሚታያቸው ያው አንድ ገጽ ነው። አጠገባቸው ያለችው ሴት የያዘችውን ሊያዩ አንገታቸውን ሰገግ ሲያደርጉ አለቃው «እጅ ይሥራ፣ ዓይን ይረፍ!» ይላል። «ጡረታ ስወጣ ተደላድዬ አነባታለሁ» ብለው አስቀመጧት። ጡረታው መጣ። ዓይናቸውም አብሯቸው ጡረታ ወጣ።

«ወንድሟ ይምጣ አይምጣ ሳላውቅ ልሞት ነው» አሉኝ አንድ ቀን ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠን።

«እኔ ላንብብልዎ?»

«አንቺ? አንቺ ደግሞ መቼ ተማርሽ?»

«የማታ ትምህርት። ቀን ስተኩስ እየዋልኩ።»

«እስቲ ነይ። ቃሉን ካላሳረርሽው ይበቃናል።»

የኔ ንባብ እንግዲህ ንባብ ከተባለ ነው። ጣቴ ከፊት እየመራ፣ እኔ ከኋላ እየተከተልኩ። ረጅም ቃል ሲመጣ ዳገት እንደሚወጣ ሰው ቆም ብዬ ትንፋሼን እሰበስባለሁ። መጀመሪያ አፍሬ ነበር። እሳቸው ግን «ማን ያባርርሻል?» ብለው ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጡኛል። እጃቸው ብቻ ዝም አይልም፤ የቀሚሳቸውን ጠርዝ ያጥፋል፣ በጥፍር ይጫነዋል፣ ይፈታዋል። በዚያ ሁሉ የማጠቢያ ቤት እንፋሎትና የማሽን ጩኸት መሐል ድምፄን የፈለገው ሰው አልነበረም። እትዬ ጋ ግን ትንሽ ካረፈድኩ ግድግዳው ይደበደባል።

«አለሽ ወይስ የለሽም?»

«መጣሁ፣ እትዬ!»

ደግሞ ክርክራችን! እኔ ይመጣል ባይ ነኝ፣ እሳቸው አይመጣም ባይ።

«ወንድ ልጅ ከሄደ ሄደ ነው። ይቺ ጅል ክፍሉን ብታከራየው ምን አለ?»

«እንዴ እትዬ! እርስዎስ የሞቱትን ባለቤትዎን ኮት ለምንድነው እስካሁን የሚያናፍሱት?»

«አንብቢ፣ ወሬኛ» ይሉኛል።

እንዲህ ስንል ልጃቸው ከሩቅ ከተማ መጣች። «እማዬን ልወስዳት ነው፣ አክስቴ። ብቻዋን እንዴት ትሁን?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ያን ሰሞን ጉሮሮዬ እስኪደርቅ አነበብኩ። ከመሄዳቸው በፊት ወንድምየው መድረስ ነበረበት።

በመጨረሻው ቀን ሻንጣው በር ላይ ተቀምጦ፣ እኛ አልጋው ጫፍ ላይ ነን። መጽሐፉ ውስጥ ሴትዮዋ እራት አቅርባ ሳለ በሩ ተንኳኳ። እትዬ ክንዴን ጨበጡኝ። ገጹን ገለጥኩ። ሴትዮዋ ገበያ ወርዳ ቁልፍ ስትገዛ አገኘኋት።

«ይሄንንማ አንብበነዋል!» አሉ።

ተሳስቼ ነው ብዬ ወደኋላ ገለጥኩ፣ ወደፊት ገለጥኩ። ያው ነው። መጽሐፉን ተቀበሉኝና በአውራ ጣታቸው ክሩን ዳሰሱት።

«በመጨረሻዋ እጥፋት ቦታ ሦስተኛዋ ተደግማ ተሰፍታለች። ለካ ብልሽትነቷ ይሄ ነው!»

«የትኛዋ እጀ ሰባራ ናት የሰፋቻት?»

«ቋጠሮው የኔ ነው» አሉ። «እጄን በእጄ!»

እንባችን እስኪወርድ ሳቅን። ከዚያ ሳቁ ሄደና እንባው ቀረ። «እማዬ፣ መኪናው ቆሟል» አለች ልጃቸው።

እሳቸው ከሄዱ በኋላ አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጥበትን ጥግ ሁሉ አሰስኩ። ጉልበቴ እየጮኸ ደህናውን ቅጂ አገኘሁና ደወልኩ። ልጅቷ ስልኩን ጆሯቸው ሥር አደረገችላቸው። ከእራቱ ጀምሬ፣ በሩ እስኪንኳኳ፣ ሴትዮዋ እስክትነሳ፣ እጇን መወርወሪያው ላይ እስክታሳርፍ አነበብኩላቸው።

«ቁሚ» አሉኝ።

«የቀረው አንድ ገጽ ነው እኮ፣ እትዬ።»

«ለዚያ ነው ቁሚ የምልሽ። እሷ ካለቀች በምን ሰበብ ትደውዪልኛለሽ?»

«ያለ ሰበብ እደውላለሁ!»

«እንጃ፣ ሰው እንዲህ ይላል።»

መጽሐፉን ዘጋሁት። ከዚያ ወዲህ በደወልኩ ቁጥር «ገጿ አለች?» ይሉኛል። «አለች» እላቸዋለሁ። ሰርቄም አላየኋት። ብቻዬን ባነባት ማን ይከራከረኛል?

ዘንድሮ ግን ድምፃቸው ቀጠነ። «ገጿ አለች?» ይሉና፣ መልሴን ሳይሰሙ ደግመው ይጠይቁኛል። የኔም ቀኝ ዓይን ጭጋግ ለብሷል። ዛሬ ጠዋት ራሴን ልፈትን ብዬ መስኮቱ ዳር ቆሜ መጽሐፉን መሐሉ ላይ ከፈትኩት። ፊደሉ እንደ ጉንዳን ተርመሰመሰብኝ። የኔም ዓይን ጨርሶ ከጠፋ ገጿን ማን ያነባታል? ስልኩን አነሳሁ።

«ተኝታለች፣ አክስቴ። ትንሽ ቆይተው ይደውሉ» አለችኝ ልጅቷ።

«ቀስቅሺልኝ።»

«ምነው፣ ምን ሆኑ?»

«ምንም አልሆንኩም። ትራስ ደርበሽ ቀና አድርጊልኝ።»

የአንሶላ ኮሽታ ሰማሁ። ከዚያ ትንፋሻቸውን።

«ማነው?» አሉ።

«እኔ ነኝ፣ እትዬ። በሩ ከተንኳኳ ቆየ። ልክፈተው?»

የአንሶላውን ጠርዝ ሲያጥፉት ተሰማኝ።

«ክፈችው እንግዲህ» አሉኝ።

ጣቴን መስመሩ መጀመሪያ ላይ አሳረፍኩ።