የቸታ በር ቁልፍ

ቱሪስት አልወድም። ሰው የማልወድ የሚመስለው ካለ፣ ብርጉ የምትባለው ከተማችን መጥቶ፣ ከወደቡ በላይ ባለችው ጠባብ መንገዳችን አንድ በጋ ኖሮ ይሞክረው።

ቸታ ጎረቤቴ ናት፤ በሯና በሬ ፊት ለፊት ናቸው። ባሏ ዌንዙ መርከብ መጠገኛው ውስጥ ብረት ሲበይድ ኖሮ ጡረታ ወጣ፤ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ደግሞ አእምሮው ከዳው። ምሳ መብላቱን ይረሳል፣ የልጁን ስም ይረሳል። ያም ሆኖ ጠዋት ወደ ወደቡ ወርዶ ጀልባ ሲያይ ያረፍዳል፤ የቀትር ደወል ሲሰማ ዳገቱን ወጥቶ ቤቱ ይገባል። ልጃቸው ዶሪስ አረጋውያን መጦሪያ ካላስገባነው እያለች ትጨቀጭቃለች። የቸታ መልስ አንድ ነው፤ "በሩን ራሱ ከፍቶ እስከገባ ድረስ ማንም ከቤቱ አያወጣውም!"

በእኛ ሰፈር የቤት ቁልፍ ቀኑን ሙሉ በውጭ በኩል በሩ ላይ ተሰክቶ ይውላል። ጎረቤት ያዞርና "አላችሁ?" እያለ ይገባል። ቁልፉ ከተነቀለ ወይ ቤቱ ውስጥ ሰው የለም፣ ወይ ተኳርፈናል ማለት ነው። የቸታ ቁልፍ ከአያቷ የወረደ፣ መዳፍ የሚሞላ ብረት ነበር። ዌንዙን ዓይኑ ቢያታልለው እጁ አያታልለውም፤ ቁልፉን ይዳብስና ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ይገባል።

አንድ ቀን አንዲት ቱሪስት ቁልፉን አዙራ ዘው አለች። ሙዚየም መስሏት ነው። ቸታም እንግዳ ማባረር ነውር ነው ብላ ብስኩትና ውሃ አቀረበችላት። ሴትየዋ አገሯ ገብታ ስለ አሮጌው ሰፈራችን ኢንተርኔት ላይ ጻፈች። ዶሪስ አነበበችልን፤ "ጊዜ የቆመበት ሰፈር! ሕዝቡ የዋህ ነው፣ ቁልፉን በር ላይ ይተዋል። አረንጓዴውን በር ከፍታችሁ ግቡ፤ ደግ አሮጊት ብስኩት ትሰጣችኋለች።"

"አሮጊት?" አለች ቸታ። "ብስኩቴን በልታ አሮጊት?"

ሳቅን። ሳቁ ግን አልበረከተም። እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው መዳብ ይባላል፤ እነዚህ ግን በየቀኑ አዲስ ናቸው፣ መዳብ እንኳ አይሆኑልህም። መኝታ ቤት ድረስ ዘልቀው ፎቶ ያነሳሉ። አንዷ የጥንቸል ወጡን ድስት ከፍታ አሸተተች። ቸታ "የሰው ቤት ነው" ብላ ወረቀት ብትለጥፍ፣ ወረቀቱንም ፎቶ አነሱት።

"እትዬ ቸታ፣ ቁልፉን ይንቀሉት እንጂ!" አልኳት።

"ዌንዙስ በምን ይግባ? በመስኮት?"

አንድ ቅዳሜ ቁልፉ ራሱ ጠፋ። ፖሊሱ ትከሻውን ነቅንቆ "ለማስታወሻ ወስደውት ይሆናል" አለ። የምን ማስታወሻ? የሚያስታውሱት ነገር ሞልቷቸው የእኛኑ ይወስዳሉ? ቁልፉ በማን እጅ እንደገባ ስለማይታወቅ ቸታ የበሩን ቁልፍ ጋን አስቀየረች። አዲሱ ቁልፍ ጣት የምታህል ነጭ ነገር ናት። እሷንም እንደ ወጉ በሩ ላይ ሰካቻት።

በማግስቱ በቀትር ዌንዙ መጣ። ቁልፏን ዳበሰና እጁን ሰበሰበ። በሩን ቀና ብሎ አየው። ከዚያ ዞሮ የእኔን ትልቁን ቁልፍ አዞረና ከነጫማው አልጋዬ ላይ ጋደም አለ።

"ቸታ የት ሄደች?" አለኝ።

"ጋሼ ዌንዙ፣ ቤትዎ እኮ ማዶ ነው።"

"ያ የእኔ አይደለም። የእኔን አውቀዋለሁ።"

ቸታ መጥታ እጁን ይዛ ወሰደችው። ደጃፏ ላይ ሲደርስ፣ የሰው ቤት እንደሚገባ ሰው፣ ኮፍያውን አወለቀ። ይህን ያየሁ ቀን አለቀስኩ።

"አየሽ አይደል እማዬ?" አለች ዶሪስ።

"እስከ ቅዱስ ሎረንስ በዓል ታገሺኝ። በሩን ራሱ ከፍቶ ካልገባ ያን ጊዜ ያልሽውን አድርጊ።"

ከዚያ ወዲያ ቸታ የቀትር ደወል ሲደወል ደጇ ላይ መቆም ጀመረች። እጇን ከፍ አድርጋ "ዌንዙ!" ትለዋለች። ፊቷን ሲያይ ፈገግ ይልና ይገባል። ቁልፏን አዙሮ የሚከፍተውም ራሱ ነው፤ እሷ እጇን እጁ ላይ ታደርግለታለች እንጂ። ሠራላት ብዬ ደስ አለኝ።

የበዓሉ ዋዜማ መንገዱ በባንዲራና በሰው ተጨናነቀ። ደወሉ ተደወለ። ቸታ ነጭ ሽርጧን አስራ ደጇ ላይ ቆማለች። አንድ ቁመተ ረጅም ሰውዬ መጥቶ ከፊቷ ተገተረና ካሜራውን ደቀነባት።

"ዞር በል! ባሌ እንዳያየኝ ጋረድከኝ!"

ሰውዬው አውራ ጣቱን አሳይቶ ሳቀላት። በሁለት እጇ ገፋችው። ጨዋታ መስሎት ጓደኞቹን ጠርቶ አጠገቧ አቆማቸው። እኔ ከመስኮቴ "ጋሼ ዌንዙ! በዚህ! በዚህ!" እያልኩ ጮኽኩ፤ የበዓሉ ባንድ ጥሩንባ ድምፄን ዋጠው።

ዌንዙ ከሰዎቹ ጀርባ ግድግዳውን ተጠግቶ መጣ። በሮቹን አንድ በአንድ እያየ አለፈ። ከላይ በኩል ዶሪስ የበዓሉን ኬክ ይዛ ስትወርድ ነበር፤ መንገዱ መሐል ተገናኙ። አባቷ መንገድ ለቀቀላትና ኮፍያውን አነሳላት።

"እንደምን ዋልሽ፣ እመቤቴ" አላት፤ ዳገቱንም ቀጠለ።