ዳመነች በእልልታ የተመለሰችበት ቀን

«እሷ ካልገባች አንዳችንም አንገባም!»

በጃንሆይ ጊዜ፣ ዲላ ውስጥ፣ ቡና መጋዘን በር ላይ ያልነው ነው። ዛሬ ዳመነችን ገበያ ሳገኛት ትዝ አለኝ።

ከቡናው ብልሹውን የምንለቅም ሴቶች ነበርን። አዲሱ አዋጅ የሠራተኛ ማኅበር ሲፈቅድ ዳመነች አስተባበረችን። የመጋዘኑ ጌታ ሰምተው አባረሯት።

በማግስቱ ጠዋት በሩ ላይ ተቀመጥን። የጭነት መኪናው ባዶውን ቆመ።

«አዋጁ ለአዲስ አበባ ነው፤ ለዲላ አይደለም» አሉ ጌታው። (ዲላ ሌላ ንጉሥ ያላት ይመስል!)

ተጠርቶ የመጣው የሠራተኛ ጉዳይ ሹም ግን፣ «ለዲላም ነው፤ ሴትዮዋን ይመልሷት» አላቸው።

ጌታው ራሳቸው በሩን ከፈቱ። ዳመነች ከፊት፣ እኛ እልል እያልን ከኋላዋ ገባን። ማኅበራችንንም እዚያው መጋዘን ውስጥ መሠረትን፤ ሊቀመንበሯ እሷ!

እናንተስ፣ አሠሪ በሕግ ሲሸነፍ ያያችሁበት ቀን አለ? እስቲ አጫውቱኝ።